በቱርቦው ላይ ከመፍረድ በፊት

ከጅቡቲ ወደብ ጭኖ የተነሳ ተሳቢ መኪና ጋላፊን አልፎ፣ የአፋርን ሙቀት ጨርሶ፣ ከአዋሽ ወዲህ ያለውን ዳገት ሲጀምር ጉልበት ያጥረዋል። ሹፌሩ ነዳጁን እስከ ወለሉ ቢረግጠውም መኪናው አይነሳለትም። ማርሽ ይቀንሳል፣ እንደገና ይቀንሳል፤ ከኋላ ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል። ሞጆ ወይም አዲስ አበባ ገብቶ ጋራዥ ሲደርስ የሚሰማው ፍርድ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ «ቱርቦው ሞቷል።» ቱርቦው ይወርዳል፤ አዲስ ወይም የታደሰ ይገጠማል፤ ባለንብረቱ ብዙ ገንዘብ ይከፍላል። በሚቀጥለው ምልልስ በዚያው ዳገት ላይ ያው ጭስና ያው ድካም ይመለሳሉ።

እንዲህ ባለው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ጥፋቱ ያለው ቱርቦውን በሚያዝዘው ሰንሰለት ውስጥ ነው። አንዲት እርሳስ የማታክል የጎማ ቱቦ ተሰንጥቃ ይሆናል፣ ዲያፍራም ተቀዶ ይሆናል፣ ዘንጉን ጥቀርሻ አንቆት ይሆናል፣ ወይም ሴንሰሩ የተሳሳተ ቁጥር እየተናገረ ይሆናል። የቱርቦ ግፊት እንዴት እንደሚገታና የሚገታው ነገር እንዴት እንደሚበላሽ ማወቅ ለመካኒኩ ብቻ የሚተው ጉዳይ አይደለም፤ ሂሳቡን የሚከፍለውም ሰው ቢያውቀው ይጠቅመዋል።

አሠራሩን ለመረዳት አንድ ነገር መያዝ ይበቃል። ከሞተሩ የሚወጣው ጭስ ተርባይኑን ያዞራል፤ ተርባይኑ በአንድ ዘንግ የተያያዘውን ኮምፕረሰር ያዞራል፤ ኮምፕረሰሩ አየር ጨምቆ ወደ ሲሊንደሮቹ ይልካል። አየር ሲበዛ ብዙ ነዳጅ ማቃጠል ይቻላል፤ ብዙ ነዳጅ ሲቃጠል ጭሱ ይበረታል፤ ጭሱ ሲበረታ ተርባይኑ ይብሱን ይፈጥናል። ክቡ እየዞረ ራሱን ያጠነክራል። የሚገታው ከሌለ ግፊቱ ሞተሩ ከተሠራበት ልክ ያልፋል፤ የቴስታታው ጋስኬት ይነዳል፣ ፒስተን ይቀልጣል፣ በቤንዚን ሞተር ላይ ደግሞ ነዳጁ ከጊዜው ቀድሞ እየተቀጣጠለ ሞተሩን ያንኳኳዋል። ቱርቦው ራሱም አይተርፍም። የአነስተኛ መኪና ቱርቦ በደቂቃ ከ200,000 ጊዜ በላይ ሊዞር ይችላል። በሚሽከረከር ጎማ ላይ የሚያርፈው ኃይል ደግሞ ከፍጥነቱ በላይ ያድጋል፤ ፍጥነቱ 10 በመቶ ሲጨምር ኃይሉ 21 በመቶ ይጨምራል።

ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ቡኪ እ.ኤ.አ. በ1905 የቱርቦን የፈጠራ መብት ሲያስመዘግብ ዋናው ጭንቀት ግፊት ማግኘት ነበር። በመርከብ ላይ ያለ ትልቅ ሞተር ለሰዓታት በአንድ ፍጥነት ስለሚሠራ ለዚያ ፍጥነት የሚስማማ ቱርቦ መርጦ መግጠም ይበቃዋል። ችግሩ የጀመረው ቱርቦው ከፍታና ፍጥነት በየደቂቃው በሚለዋወጥበት ሥራ ላይ ሲውል ነው፤ ያም ሥራ በረራ ነበር።

አሜሪካዊው ሳንፎርድ ሞስ በ1918 ሊበርቲ የተባለውን የአውሮፕላን ሞተር በኮሎራዶ ወደሚገኘው የፓይክስ ፒክ ተራራ ጫፍ አውጥቶ ፈተነው። ቦታው 4,300 ሜትር ገደማ ከፍታ አለው። ታች 350 የፈረስ ጉልበት ይሰጥ የነበረው ሞተር በዚያ ስስ አየር ያለ ቱርቦ ሲሞከር ወደ 230 ገደማ ወረደ፤ ቱርቦ ሲገጠምለት 356 ሰጠ። በተራራ ላይ ለሚኖር ሕዝብ የዚህ ሙከራ ትርጉም ግልጽ ነው፤ ቱርቦ ከፍታ የወሰደውን አየር ይመልሳል።

ግን ማን ይቆጣጠረው? በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በቢ-17 ቦምብ ጣይ ላይ የጭሱን ማሳለፊያ በር የሚያንቀሳቅሰው መጀመሪያ በዘይት ግፊት የሚሠራ መቆጣጠሪያ ነበር። አውሮፕላኑ ከፍ ሲል ብርዱ ዘይቱን ያወፍረዋል፤ በሩ ቶሎ አይታዘዝም፤ ግፊቱ ከልክ ያልፋል ወይም ቱርቦው ያለ ገደብ ይፈጥናል። አብራሪው የአራቱን ሞተሮች ግፊት በአራት ማንሻዎች እየተከታተለ ያስተካክል ነበር። በ1943 የሚኒያፖሊስ ሃኒዌል ኤሌክትሮኒክ መቆጣጠሪያ ሲገባ አራቱም ማንሻዎች በአንድ ከ0 እስከ 10 ቁጥር ባለው ማዞሪያ ተተኩ። በዚህ ሁሉ ለውጥ ቱርቦው ያው ነው፤ የተለወጠው አዛዡ ነው።

በመንገድ መኪና ላይ ፈተናው በ1962 በአሜሪካ ተጀመረ። የዚያ ዓመት ሁለት መኪኖች አንዱን ችግር በሁለት መንገድ ሊፈቱት ሞከሩ። ሼቭሮሌት ኮርቬር 150 የፈረስ ጉልበት ባለው ቱርቦ ሞተሩ ላይ ማሳለፊያ በር አልገጠመም፤ የጭስ መውጫውን አጥብቦ ግፊቱ ከተወሰነ ልክ እንዳያልፍ አደረገ። ዘዴው ቀላል ነው፤ ዋጋው ግን ሞተሩ በራሱ ጭስ መታፈኑ ነው። ኦልድስሞቢል ጄትፋየር በሌላ በኩል ማሳለፊያ በር ነበረው፤ ሞተሩ እንዳያንኳኳም ውሃና ሜታኖል የተቀላቀለበት ፈሳሽ ከአየሩ ጋር ይረጭ ነበር። ፈሳሹ ካለቀ መኪናው ራሱ ግፊቱን ይቀንሳል። ምህንድስናው አስተዋይ ነበር፤ የጎደለው የባለቤቱ ትጋት ነው። ብዙዎች የፈሳሹን ጠርሙስ መሙላት ስለረሱ መኪናቸው ደከመባቸው፤ ኋላም አምራቹ ቱርቦውን አውልቆ በተራ ካርቡራቶር እስከ መተካት ደረሰ። ትጉ ባለቤት ጠይቆ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ባለቤቱ ሲዘነጋ እንደሚከሽፍ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ ማግኘት ይከብዳል።

ያ ማሳለፊያ በር በጋራዥ ቋንቋ ዌስትጌት ይባላል፤ አሠራሩ ዛሬም ያው ነው። ከተርባይኑ አጠገብ ትንሽ በር አለች። ስትከፈት ከጭሱ ከፊሉ ተርባይኑን ሳይነካ በጎን አልፎ ወደ ማርሚታው ይሄዳል። በሯን የሚይዛት በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ ያለ ስፕሪንግ ነው። ከኮምፕረሰሩ በቀጭን ቱቦ የሚመጣ ግፊት በጣሳው ውስጥ ያለውን ዲያፍራም ሲገፋ፣ ስፕሪንጉ ተሸንፎ ዘንጉ ይወጣል፤ በሯ ትከፈታለች። ቱርቦው የሚፈጥረው ግፊት መልሶ ቱርቦውን ይገታዋል።

ስዊድናዊው ሳብ በ1977 ባሳየው 99 ቱርቦ ይህን በር በዕለታዊ መኪና ላይ አስለመደው። የኢንጂነር ፔር ጊልብራንድ ሐሳብ ትንሽ ቱርቦ ቶሎ እንዲነሳ ማድረግና ከመጠን ሲያልፍ በሩን መክፈት ነበር። ቀጥሎ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንስቶ ይኸው ፋብሪካ ሞተሩ ላይ የማንኳኳትን ድምፅ የሚያዳምጥ ሴንሰር ገጠመ። ቤንዚኑ ደካማ ሆኖ ሞተሩ ማንኳኳት ሲጀምር ኤሌክትሮኒኩ ዌስትጌቱን ከፍቶ ግፊቱን ያወርደዋል። ዛሬ በየመኪናው ያለው የኮምፒውተር ቁጥጥር የዚህ ሥራ ልጅ ነው ማለት ይቻላል።

ኮምፒውተሩ የሚጠቀመው መሣሪያ ሶሌኖይድ ነው፤ በኤሌክትሪክ ቶሎ ቶሎ የሚከፈትና የሚዘጋ ትንሽ ቫልቭ። ወደ ጣሳው ከሚሄደው ግፊት ከፊሉን ያፈስሰዋል። ጣሳው የሚሰማው ግፊት ከእውነተኛው ስለሚያንስ በሯ ዘግይታ ትከፈታለች፤ ግፊቱም ስፕሪንጉ ከሚፈቅደው በላይ ይወጣል። ስለዚህ የሶሌኖይዱ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ መኪናው ወደ ስፕሪንጉ ዝቅተኛ ግፊት ይወርዳል፤ ይደክማል እንጂ አይጎዳም። ወደ ጣሳው የምትሄደው ቱቦ ብትወልቅ ግን ነገሩ ይገለበጣል። ጣሳው ምንም ግፊት አይሰማም፤ በሯ እንደተዘጋች ትቀራለች፤ ግፊቱ ያለ ገደብ ይወጣል። አንዳንዱ ሹፌር በዚህ ጊዜ «መኪናዬ ጉልበት አገኘ» ብሎ ይደሰታል። ኮምፒውተር ያለው መኪና ነዳጁን ቆርጦ ራሱን ያድናል፤ የሌለው እስኪሰበር ይሮጣል።

ሁለተኛው መንገድ ክንፎቹ የሚንቀሳቀሱለት ቱርቦ ነው። በተርባይኑ ዙሪያ የተደረደሩ ትናንሽ ክንፎች ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ይጠባሉ፤ ጭሱ በጠባቡ መንገድ ሲያልፍ ይፈጥናል፤ ቱርቦው ቶሎ ይነሳል። ሞተሩ ሲፈጥን ክንፎቹ ይከፈታሉ። ፊያት ክሮማ በ1991 ይህን በናፍጣ የቤት መኪና ላይ ሲያቀርብ የመጀመሪያው ነበር፤ ከዚያ በኋላ የናፍጣ መኪኖች አብዛኞቹ ተከተሉት። በእኛ መንገድ ላይ የበዛው ባለ 3.0 ሊትር ናፍጣ ቶዮታ ሃይሉክስም ክንፎቹን በኤሌክትሪክ ሞተር ያንቀሳቅሳል። በቤንዚን ሞተር ላይ ዘግይቷል፤ የቤንዚን ጭስ ከናፍጣው ይበልጥ ስለሚግል ክንፎቹን የሚችል ብረት ይፈልጋል። ፖርሸ 911 ቱርቦ ላይ የወጣው በ2006 ነው።

ብዙ ጋራዥ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። በአውሮፓ መኪኖች ላይ በብዛት ክንፎቹን የሚስበው ግፊት ሳይሆን ቫኪዩም ነው። ቫኪዩሙ ሲስብ ክንፎቹ ይጠባሉ፤ ቫኪዩሙ ሲጠፋ ስፕሪንጉ ይከፍታቸዋል። ስለዚህ ቱቦዋ ብትሰነጠቅ ውጤቱ ከዌስትጌቱ ተቃራኒ ነው፤ ግፊቱ ከመጠን ያንሳል፣ መኪናው በዝቅተኛ ዙር ይሞታል። አንድ ዓይነት ቱቦ፣ አንድ ዓይነት ስንጥቅ፣ ተቃራኒ በሽታ። መኪናው የትኛው ዓይነት እንደሆነ ሳይጠይቅ ምርመራ የሚጀምር መካኒክ በግማሹ ዕድሉ ይሳሳታል። ቫኪዩሙ የሚመጣበት ፓምፕ በብዙ ናፍጣ መኪኖች የፍሬኑንም ማገዣ ያገለግላል። የደከመ ቱርቦና የደነደነ የፍሬን መርገጫ አንድ ላይ ከታዩ መጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው ፓምፑ ነው።

የክንፎቹ ዋና ጠላት ጥቀርሻ ነው። ከተማ ውስጥ በዝግታ ብቻ የሚነዳ ናፍጣ መኪና ክንፎቹን ሙሉ በሙሉ ከፍቶ የመዝጋት ዕድል አያገኝም፤ ጥቀርሻው በመገጣጠሚያቸው ላይ እየደረቀ ያጣብቃቸዋል። በአንድ ቦታ ሲቀሩ ሁለት መልክ አለው። ተከፍተው ከቀሩ መኪናው ከዝቅተኛ ዙር አይነሳም። ጠበው ከቀሩ በረጅም ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ግፊቱ ያልፍና ኮምፒውተሩ ጉልበቱን ይቆርጠዋል፤ ሞተሩን አጥፍተው ሲያስነሱት ይመለሳል፣ ከዚያ እንደገና ይቆርጣል። የቮልስዋገን 1.9 ቲዲአይ ባለቤቶች ይህን ጠባይ በዓለም ዙሪያ ያውቁታል። ከ2003 እስከ 2007 በአሜሪካ የተሸጠው ባለ 6.0 ሊትር ናፍጣ ፎርድም በዝገትና በጥቀርሻ ክንፎቹ እየተጣበቁ ባለቤቶቹን አስቸግሯል። ብዙ ጊዜ መፍትሔው መፍታትና ማጽዳት ነው እንጂ መለወጥ አይደለም።

ዌስትጌቱም ከእርጅና አያመልጥም። የቢኤምደብሊው ባለ ሁለት ቱርቦ ኤን54 ሞተር ላይ በሩን የያዘው ዘንግ ማረፊያው እየሰፋ ይንገጫገጭ ነበር፤ ኩባንያው በአሜሪካ የዚህን ክፍል ዋስትና እስከ 8 ዓመት ለማራዘም ተገድዷል።

የከፍታው ጉዳይ ለብቻው ሊታይ ይገባዋል፤ ከመጽሐፍ የሚቀዳ ምርመራ አዲስ አበባ ላይ የሚሰናከለው በእሱ ነው። በባሕር ጠለል ላይ የአየሩ ግፊት 1.01 ባር ነው። በአዲስ አበባ ከፍታ፣ ማለትም ከ2,300 ሜትር በላይ፣ 0.76 ባር ገደማ ይሆናል። የዌስትጌቱ ስፕሪንግ በውጭው አየር ላይ 0.5 ባር ሲጨመር እንዲከፈት የተሠራ ነው እንበል። ጅቡቲ ላይ ሞተሩ በጠቅላላው 1.51 ባር ያገኛል፤ አዲስ አበባ ላይ 1.26። ቱርቦው ምንም ሳይበላሽ ሞተሩ ከአየሩ አንድ ስድስተኛውን ያጣል። ቱርቦ የሌለው ሞተር በዚሁ ጉዞ አንድ አራተኛውን ስለሚያጣ ይህም ቢሆን ትርፍ ነው። በኮምፒውተር የሚታዘዘው ሞተር ግን ጠቅላላውን ግፊት ስለሚለካ ያንኑ 1.51 ሊያገኝ ይጥራል። ጅቡቲ ላይ አየሩን አንድ ተኩል ጊዜ መጨመቅ ይበቃው ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ሁለት ጊዜ መጨመቅ አለበት። ቱርቦው ይበልጥ ይፈጥናል፣ ይበልጥ ይግላል። ኮምፒውተሩ ይህን ስለሚያውቅ በከፍታ ላይ ግፊቱን አስቦ ይቀንሳል። ከጅቡቲ የመጣ ተሳቢ ሸዋ ሲገባ ጥቂት መድከሙ በራሱ የብልሽት ምልክት አይደለም።

ሴንሰሩ ላይም ተመሳሳይ ወጥመድ አለ። ሞተሩ ሳይነሳ ቁልፉ ብቻ ሲከፈት የግፊቱ ሴንሰር የአካባቢውን አየር ማንበብ አለበት። የውጭ አገር መመሪያ «101 ኪሎፓስካል ገደማ» ይላል። አዲስ አበባ ላይ ጤነኛው ሴንሰር 76 አካባቢ ያነባል፤ መመሪያውን ብቻ የሚያምን ሰው ደኅናውን ሴንሰር አውጥቶ ይጥላል። ይባስ ብሎ 101 የሚያነበውን የተበላሸ ሴንሰር ደኅና ነው ብሎ ያልፈዋል።

በአሮጌ ከባድ መኪኖች ላይ ሌላ ማታለያ አለ። በናፍጣ ፖምፓው ላይ የቱርቦውን ግፊት በቀጭን ቧንቧ የሚቀበል ዲያፍራም ይገጠማል። ግፊቱ ሲነሳ ፖምፓው ነዳጅ እንዲጨምር ይፈቅዳል። ቧንቧው ከተነደለ ቱርቦው ሙሉ ግፊት እየሰጠ ፖምፓው «ቱርቦ የለም» ብሎ ነዳጁን ይይዛል። መኪናው ይደክማል፤ ነገር ግን አያጨስም። ጭስ የሌለው ድካም የነዳጅ እጥረት ምልክት ነው፤ ጥቁር ጭስ ያለው ድካም የአየር እጥረት ነው። ይህቺ አንዲት ልዩነት ብቻ ብዙ ቱርቦ ከመውለቅ ታድን ነበር።

አየሩ የሚጠፋበት ተራ መንገድም አለ። ከቱርቦው የተጨመቀውን አየር ወደሚያቀዘቅዘው ኢንተርኩለር፣ ከዚያም ወደ ሞተሩ የሚሄደው ወፍራም ቱቦ ከስሩ ሲሰነጠቅ ሞተሩ ቆሞ ሲሠራ አይታወቅም፤ በጭነት ብቻ ይከፈትና ያፏጫል። ቱርቦው የሚፈስሰውን ለመተካት ከልኩ በላይ ይፈጥናል። በአቧራ የታፈነ ፊልትሮም እንዲሁ ቱርቦውን ያስቸግረዋል፤ ኮምፕረሰሩ አየር ሲያጣ በዘንጉ ማሸጊያ በኩል ዘይት ይስባል። ከዚያ ዘይቱን ያየ መካኒክ «ቱርቦው ዘይት ያፈስሳል» ይላል።

ግፊቱን ሆን ብሎ ማሳደግ ሌላው ምዕራፍ ነው። የዌስትጌቱን ዘንግ ማሳጠር በቁልፍ ሁለት ደቂቃ የሚፈጅ ሥራ ነው፤ በሯ ይበልጥ ትጠብቃለች፣ መኪናው ይጋልባል። ጎበዝ መሐንዲሶችም በዚህ ተፈትነዋል። በ1986 በፎርሙላ 1 የቢኤምደብሊው ሞተር ከ5 ባር በላይ ግፊት ይጠቀም ነበር። የውድድሩ የበላይ አካል በ1987 በየመኪናው ላይ ግፊቱ 4 ባር ሲደርስ የሚከፈት ቫልቭ አስገጠመ፤ በ1988 ወደ 2.5 ዝቅ አደረገው፤ በ1989 ቱርቦን ጨርሶ ከለከለ። በ1988 በዚያ በተቀነሰ ግፊት ማክላረን ሆንዳ ከ16 ውድድሮች 15ቱን አሸነፈ፤ ያሸነፈው ግፊቱን በሚገባ ያዘዘው ነው። በ1995 ደግሞ ቶዮታ በዓለም ራሊ ሻምፒዮና የቱርቦውን አየር በሚገድበው ቀለበት ላይ ሲፈታ የማይታይ፣ ሲገጠም ግን ተጨማሪ አየር የሚያሳልፍ ስውር ብልሃት ሠርቶ ተገኘ። ነጥቡ ተሰርዞ ለ12 ወር ታገደ። በውድድር ቅጣቱ ነጥብ ማጣት ነው፤ በዳገት ላይ ጭነት ለሚጎትት ሞተር ግን የቀለጠ ፒስተን ነው።

ቱርቦ በእውነት የሚሞትበት ጊዜ አለ። ዘይት ያጣ ወይም ቆሻሻ ዘይት የጠጣ ቱርቦ ኩሽኔታው ይበላል፤ ዘንጉ በጣት ሲነቀነቅ ይንገጫገጫል፤ የኮምፕረሰሩ ጎማ ከቤቱ ግድግዳ ጋር ሲፋተግ የተወው ጭረት በዓይን ይታያል። ይህ ሲታይ መለወጡ ግድ ነው፤ ግን ዘይቱ ለምን እንዳልደረሰ ሳይታወቅ የሚገጠም አዲስ ቱርቦ የቀድሞውን ዕጣ ይወርሳል።

ስለዚህ መኪናው ደክሞበት ጋራዥ የገባ ባለንብረት ቱርቦ ለመግዛት ከመስማማቱ በፊት አንድ ነገር ይጠይቅ፦ የጣሳው ዘንግ በእጅ ፓምፕ ግፊት ወይም ቫኪዩም ሲሰጠው እየወጣና እየገባ በዓይኑ እንዲያሳዩት። ዘንጉ ካልተንቀሳቀሰ፣ ወይም ከሄደበት ካልተመለሰ፣ ጥፋተኛው ተገኝቷል። ተንቀሳቅሶ ከተመለሰ ደግሞ ቱቦዎቹ አንድ በአንድ በጣት ተጎንጥለው ይታዩ፤ የሴንሰሩ ንባብም በአካባቢው ከፍታ ልክ ይመዘን። ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን አይሞላም፤ ቱርቦውንም ማውረድ አይጠይቅም።